የካልኪን ጎል ውጊያ ሙሉ ጦርነት ቢሆን ኖሮ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። «በ1939 ጃፓንና ሶቭየት ኅብረት በሞንጎልያ ድንበር ላይ የገጠሙት ውጊያ ሰፍቶ ሙሉ ጦርነት ቢሆን ኖሮ ጃፓን ሳይቤሪያን ትይዝ ነበር ወይ? ሩሲያ በሁለት ግንባር ተወጥራ ሂትለርስ ሞስኮ ይገባ ነበር ወይ?» ነው ያልከው።

ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው። አትይዝም ነበር። ለሁለተኛው ግን ቁጭ ብለን መነጋገር አለብን። ብዙ ሰው አደጋውን የሚፈልገው እዚያው ሞንጎልያ ሜዳ ላይ ነው። እኔ የማየው ግን ከዚያ በጣም ርቆ፣ አንድ ወደብ ላይ ነው። እዚያ እስክንደርስ ታገሠኝ።

የጦር ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን ውጊያ ሳነሳ ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚቆጥሩት ታንክ ነው። ቀጥለው አውሮፕላን። እኔ ግን መጀመሪያ የጭነት መኪና ቁጠሩ እላቸዋለሁ። ከዚያ የባቡር ሐዲዱን በጣታችሁ ተከተሉ እላለሁ። አንተም እንደዚያ አድርግ፤ ካርታ ካለህ አውጣው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የሆነውን እንይ። ጃፓን በ1931 ማንቹሪያን ያዘች። በዓመቱ ማንቹኩዎ የሚባል የስም መንግሥት አቆመችበት። ቻይና ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አለች። ማኅበሩ መርማሪ ላከ፣ ሪፖርት ተጻፈ፣ ጃፓን በ1933 ማኅበሩን ጥላ ወጣች፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። እኛ በ1936 ጄኔቫ ላይ ያየነውን ፊት ቻይናዎች ቀድመው አይተውታል። ሙሶሊኒም ያንን ሲያይ ቆይቶ ነው የመጣብን።

ማንቹሪያ ላይ የሰፈረው የጃፓን ጦር የክዋንቱንግ ጦር ይባላል። ከወዲያ ማዶ ያለችው ሞንጎልያ ደግሞ ከ1936 ጀምሮ ከሞስኮ ጋር የመረዳዳት ውል ነበራት። እሷን የነካ ስታሊንን ነካ ማለት ነው። የተጣሉበት መሬት ካልካ ከሚባለው ወንዝ (ካልኪን ጎል የሚባለውም ይኸው ወንዝ ነው) በስተምሥራቅ ያለ ሃያ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ስፋት ያለው ሣር ነው። ጃፓኖች ድንበሩ ወንዙ ነው አሉ። ሞንጎሎችና ሩሲያውያን የለም፣ ከወንዙ ወዲያ በኖሞንሃን በኩል ነው አሉ። ዛፍ የለበትም፣ ከተማ የለበትም፣ ማዕድን አልተገኘበትም። ያለው ሣር፣ አሸዋና የትንኝ መንጋ ነው።

ታዲያ ለዚህ መሬት ማን ጦር አዘመተ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለጥያቄህ ቁልፉ ይሄ ነው። ውጊያውን ያሰፋው ቶኪዮ አልነበረም። ከክዋንቱንግ ጦር ዘመቻ ክፍል ውስጥ ማሳኖቡ ትሱጂ የሚባል አንድ ሻለቃ ነበር። በአፕሪል 1939 የወጣውን የድንበር መመሪያ የጻፈው እሱ ነው። ድንበሩ በግልጽ ባልተሰመረበት ቦታ የአካባቢው አዛዥ ራሱ ድንበሩን ይወስን፣ ከተጣሰም ያለ ምሕረት ይምታ ይላል። አስበው እንግዲህ። የሁለት ትልልቅ መንግሥታትን ድንበር የሚወስነው በረሃ ላይ ያለ አንድ አዛዥ ሆነ ማለት ነው። የጦሩ የበላይ ጄኔራል ኡኤዳ መመሪያውን ፈርሞ አወጣው። በዚያን ጊዜ የጃፓን ጦር ውስጥ ታናናሾች ቀድመው ይገቡበታል፣ ታላላቆች ተከትለው ያጸድቃሉ። ማንቹሪያ ራሷ የተያዘችው በዚህ መንገድ ነበር።

ስለዚህ «ቢሰፋ ኖሮ» የሚለው ጥያቄ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሊሰፋ ተቃርቦ ነበር። ጁን 27 ላይ የክዋንቱንግ ጦር ከ100 በላይ አውሮፕላን አስነስቶ ሞንጎልያ ውስጥ ዘልቆ የታምሳግ ቡላግን የጦር አየር ማረፊያ ደበደበ። ለቶኪዮ አልነገረም። ሆን ብሎ ነው ያልነገረው፤ ቢናገር እንደሚከለከል ያውቃል። ቶኪዮ ስትሰማ ተቆጣች፣ እንዲህ ያለ ድብደባ እንዳይደገም ከለከለች። ስታሊን በማግስቱ የማንቹሪያ ከተሞች የሆኑትን ሃርቢንን ወይም ሃይላርን በቦምብ ቢያስመታ ኖሮ አንተ የምትጠይቀው ጦርነት በዚያ ሳምንት ይጀመር ነበር። አላስመታም። ውጊያው እዚያው ሜዳ ላይ እንዲቀር ፈለገ።

ጁላይ መጀመሪያ ላይ ጃፓኖች ወንዙን ተሻገሩ። ባይን ጻጋን የሚባለውን ኮረብታ ያዙ። የተሻገሩት በአንድ ተንሳፋፊ ድልድይ ነው፤ ታንክ አይሸከምም። በጁን የመጣው አዛዥ ጊዮርጊ ዡኮቭ እግረኛውን ሳይጠብቅ ታንኮቹን ብቻቸውን ሰደደባቸው። በመመሪያው መጽሐፍ ይህ አይደረግም። እሱ ግን ቀን ቢሰጣቸው ይመሽጋሉ ብሎ ፈራ።

ያን ቀን በቅርብ ልየው ካልክ አንድ ጠርሙስ ብቻ ተመልከት። የጃፓን ወታደር ታንክ የሚመታበት መሣሪያ ስላነሰው የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ቤንዚን ሞላ። የሩሲያዎቹ ቢቲ ታንኮች በቤንዚን ነው የሚሠሩት። ከሩቅ ሲከንፉ መጥተዋል፣ ሞተራቸው ግሏል፣ ከላይ ደግሞ የጁላይ ፀሐይ አለ። ወታደሩ ጉድጓዱ ውስጥ ተጋድሞ ይጠብቃል። ታንኩ ሲያልፈው ይነሳና ጠርሙሱን ከኋላ ሞተሩ ላይ ይፈጠፍጠዋል። ብረቱ ራሱ ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል። የአሥራ አንደኛው ታንክ ብርጌድ በዚያ ውጊያ ግማሽ ያህሉን ታንክ አጣ። ግን ጃፓኖቹም ኮረብታውን ለቀው ወንዙን ተሻግረው ተመለሱ፣ ድልድያቸውንም አፈረሱ።

አሁን ወደ መኪናው። ለሩሲያዎቹ ቅርብ የሚባለው የባቡር ጣቢያ ቦርዚያ ነው። ከግንባሩ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለጃፓኖች ሃይላር ነበረላቸው፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጃፓን መኮንኖች ስሌት ግልጽ ነበር። ከባቡር ሐዲድ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ትልቅ ጦር መቀለብ አይቻልም። ስለዚህ ሩሲያዎቹ ትልቅ ጦር ማምጣት አይችሉም አሉ። በራሳቸው ሠራዊት ልክ ካየኸው ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ያን ያህል መኪና የላቸውም።

ሩሲያዎቹ ግን ከ4000 በላይ የጭነት መኪና አሰማሩ። ደርሶ መልሱ 1300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምስት ቀን ይፈጃል። መንገድ የሚባል ነገር የለም፣ የጎማ አሻራ ነው። ሹፌሩ በሣሩ መሐል አቧራ እየጠጣ ይነዳል። ማታ መብራት አያበራም፣ አውሮፕላን ያየዋል። የሚጭነው ጥይትና ነዳጅ ብቻ አይደለም። ዛፍ ስለሌለ ማገዶ ሳይቀር ከቦርዚያ ነው የሚመጣው። ለመድፍ ብቻ 18 ሺህ ቶን ጥይት አጓጓዙ። እነዚህ ሹፌሮች የማንም ሐውልት ላይ የሉም። እኔ ግን የካልኪን ጎልን ድል ለማን ትሰጣለህ ብትለኝ ግማሹን ለእነሱ ነው የምሰጠው።

ኦገስት 20 ንጋት ላይ ዡኮቭ 57 ሺህ ያህል ሰውና ወደ 500 የሚጠጋ ታንክ ይዞ ተነሳ። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ለክረምት የሚመሽግ መስሎ አታልሏቸዋል። በድምፅ ማጉያ የእንጨት ካስማ ሲተከል የሚሰማውን ድምፅ ሌሊት ሌሊት ያሰማቸዋል። ስለ መከላከል የሚያስተምር ወረቀት ለወታደሩ በትኗል። ጃፓኖቹ ድምፁን ለመዱት፣ መጨረሻ ላይ መስማትም ተዉ። በዚያ ቀን የሩሲያ ተዋጊ አውሮፕላኖች ከአየር ወደ አየር የሚተኮስ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀሙ። በጥቂት ቀን ውስጥ የጄኔራል ኮማትሱባራ 23ኛ ክፍለ ጦር ተከበበ። ከተቋቋመ ገና ዓመት ያለፈው ልምድ የሌለው ክፍለ ጦር ነው። ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሰው ሞቶበት ወይም ቆስሎበት አለቀ። ሩሲያዎችም በርካሽ አላሸነፉም። በአጠቃላይ ውጊያው ወደ 9700 የሚሆኑ ሰዎች ሞተውባቸዋል ወይም ጠፍተውባቸዋል።

ከበባው በተዘጋበት ሳምንት ሌላ ነገር ሆነ። ኦገስት 23 ሞስኮ ላይ የሶቭየቱ የውጭ ጉዳይ ሹም ሞሎቶቭና የጀርመኑ ሪበንትሮፕ የአለመጠቃቃት ውል ፈረሙ። ጃፓን ከጀርመን ጋር በኮሚኒዝም ላይ የተዋዋለች አገር ናት፤ በዚያው ዓመት የጠበቀ ወታደራዊ ኪዳን ለመግባት እየተነጋገረችም ነበር። ወዳጄ ያለችው ከጠላቷ ጋር ሲፈራረም ማንም አላማከራትም። የጠቅላይ ሚኒስትር ሂራኑማ ካቢኔ ኦገስት 28 ሥልጣን ለቀቀ።

እንግዲህ በሩ የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። ጦርነቱ ይሰፋ ከነበረ የሚሰፋው በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር መጀመሪያ መካከል ነው። የክዋንቱንግ ጦር ሽንፈቱን አልተቀበለም። ትኩስ ክፍለ ጦሮች ወደ ግንባሩ እያስጠጋ ነበር። ቶኪዮ ኦገስት 30 ነገሩን አጥብቡ ብላ አዘዘች። ሴፕቴምበር 3 ደግሞ ጭራሽ አቁሙ አለች። ጄኔራል ኡኤዳ ምን ብሎ ለመነ? ሌላው ይቅር፣ ሜዳ ላይ የቀሩትን የወታደሮቼን አስከሬን ላንሳ አለ። ለዚያ የሚሆን ትንሽ ውጊያ ፍቀዱልኝ አለ።

ይህን ልመና ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ደግሞም እፈራለሁ። ሰውየው እውነቱን ነው፣ ሬሳው ፀሐይ ላይ ነው ያለው። ግን አስከሬን ለማንሳት የገባ ጦር ይተኮስበታል፣ የተተኮሰበት ይተኩሳል፣ ከኋላው ያለው ትኩስ ጦር ይከተለዋል። ቶኪዮ እንቢ አለች። ኡኤዳ ተነሳ፣ ኡመዙ ተተካ። ሴፕቴምበር 15 ሞስኮ ላይ ተኩስ አቁሙ ተፈረመ። እስቲ ቶኪዮ እሺ አለች እንበል። ያንተ ጦርነት ከዚያ ይጀምር።

የመጀመሪያው ወር የጃፓን አይሆንም። ሴፕቴምበር ላይ በዚያ ሜዳ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጃፓኖች ለክረምት ውጊያ የሚሆን ልብስም ሆነ መጠለያ እዚያ አላደራጁም። ታንካቸው ጥቂት ነው፤ የነበረውንም አንድ የታንክ ቡድን በጁላይ አድቅቀው ወደ ኋላ መልሰውታል። በጠቅላላ ያየህ እንደሆነ በ1939 የክዋንቱንግ ጦር 200 ገደማ ታንክና 560 ገደማ አውሮፕላን ነበረው። በሩቅ ምሥራቅ ያለው የሩሲያ ጦር 2200 ገደማ ታንክና 2500 ገደማ አውሮፕላን ነበረው። ክፍለ ጦሩም 11 ለ30 ነው። ጃፓን ይህን ለማመጣጠን ከቻይና ማምጣት አለባት።

ሩሲያዎቹም ግን እንደ ልባቸው አይገሰግሱም ነበር። አንዳንድ ሰው ዡኮቭ በዚያው ሃይላርን ይዞ ሃርቢን ይገባ ነበር ይላል። በምን ነዳጅ? ለኦገስት ያጠራቀመውን ተኩሶታል። እነዚያ መኪናዎች ለሳምንታት ሳያርፉ ሮጠዋል። ሃይላር 200 ኪሎ ሜትር ወደፊት ነው፤ ያ ከቦርዚያ ካለው 600 ላይ ይደመራል። ከሃይላር ወዲያ ደግሞ የታላቁ ኺንጋን ተራራ አለ። በ1945 ሶቭየቶች ያንን ተራራ ተሻግረዋል፣ እውነት ነው። ያኔ ግን ለጠቅላላው ዘመቻ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው አሰልፈው፣ ለወራት ተዘጋጅተው፣ የደከመ ጠላት አግኝተው ነው። በ1939 መኸር ሁለቱም ሜዳው ላይ ተፋጠው ይከርሙ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

ዋናው እሳት የሚነሳው ሌላ ቦታ ነው፤ በምሥራቅ በኩል። የጃፓን ጄኔራሎች ለዓመታት ያዘጋጁት ዋና ዕቅድ ሞንጎልያን አይመለከትም። ቭላዲቮስቶክንና ዙሪያዋን ነው የሚመለከተው። አሁን ካርታህን አውጣ። ከሞስኮ ቭላዲቮስቶክ የሚደርሰው ባቡር 9300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መጨረሻው ላይ ከኻባሮቭስክ ወደ ደቡብ ሲወርድ የኡሱሪን ወንዝ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ወንዙ ደግሞ ድንበሩ ነው። ኢማን የሚባል ቦታ ላይ የባቡር ድልድይ አለ። ከወንዙ ማዶ ጃፓኖች ሁቶ ላይ ምሽግ ቆፍረዋል። ድልድዩ በመድፍ ክልል ውስጥ ነው። ይህን ድልድይ ከመታህ ቭላዲቮስቶክን ከአገሯ ቆረጥካት ማለት ነው። ባሕሩን ደግሞ የጃፓን ባሕር ኃይል ይዘጋዋል።

ቭላዲቮስቶክ ትወድቅ ነበር? ምናልባት በረጅም ከበባ። በቀላሉ ግን አይሆንም። ከተማዋ በመድፍ ምሽግ የታጠረች ናት፤ ወደቧ ውስጥ ሰርጓጅ መርከቦች አሉ። በአካባቢው ደግሞ ረጅም ርቀት የሚበሩ ቦምብ ጣዮች ነበሩ። ቶኪዮ የዚያን ጊዜ የእንጨት ቤት ከተማ ናት። የጃፓን ጄኔራሎች ያንን ያሰቡ ቀን እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ሩሲያ ይዛው የነበረውን ፖርት አርተርን ደግሞ አይረሱም። በ1904 ያንን አንድ ወደብ ለመያዝ አምስት ወር ፈጅቶባቸዋል፤ የሞተውና የቆሰለው በአሥር ሺዎች ነው።

ባይካል ሐይቅ ደርሰን የባቡር ዋሻዎቹን አፍርሰን ሩሲያን ለሁለት እንቆርጣታለን የሚለው የጃፓን ወታደሮች ሕልም ሕልም ብቻ ነው። መኪናውስ?

ጃፓን በእርግጥ የምትይዘው አንድ ቦታ አለ፤ ሰሜን ሳኻሊን። ደቡቡ ከ1905 ጀምሮ የእሷ ነው። በሰሜኑም ከ1925 ጀምሮ ዘይት የማውጣት ፈቃድ ነበራት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትይዘው ነበር፣ ሩሲያም ቶሎ ልትመልሰው አትችልም። ዘይቱ ግን ለጃፓን ጥም አይበቃም። ጃፓን ከምታስገባው ነዳጅ 80 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። አሜሪካ ደግሞ በጁላይ 1939 የንግድ ውሏን እንደምታፈርስ አስታውቃለች። ሳይቤሪያ ውስጥ የሚዋጋ ጦር ነዳጅ ይበላል፣ ግን የሚጠጣበት ጉድጓድ አያገኝም። ባሕር ኃይሉ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ዓይኑም ወደ ደቡብ፣ ወደ ደች ኢንዲስ (የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ) ዘይት ነው። በጀቱን ለበረዶ አልሰጥም ብሎ ከጦሩ ጋር ይጣላ ነበር። ያ ጠብ ያለዚያም ነበረ፤ ይብሳል እንጂ።

ቻይና ትተነፍስ ነበር። ጃፓን በሴፕቴምበር 1939 ቻንግሻን ለመያዝ ዘምታ ነበር። በዚህ በምንገምተው ታሪክ ያ ዘመቻ ይሰረዛል። ስታሊን ለቻይናው መሪ ለቺያንግ ካይ ሼክ ከ1937 ጀምሮ አውሮፕላንና አብራሪ ሲልክ ነበር፤ አሁን ጭራሽ የጦር አጋር ይሆናሉ። ጃፓን ከቻይና በምታወጣው ክፍለ ጦር ቁጥር ልክ ቺያንግ ከተማ ይመልሳል። ለጃፓን ጦር ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው፤ ሁለት ዓመት ደም ያፈሰሰችበትን መልቀቅ።

አሁን ወደ አውሮፓ። ስታሊን ተኩስ አቁሙ ሴፕቴምበር 16 ከጸና በኋላ፣ ሴፕቴምበር 17 ፖላንድ ገባ። አንድ ቀን ነው ልዩነቱ። ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም፤ ጀርባውን ሳያሳርፍ መሄድ አልፈለገም። በምሥራቅ እሳት ቢኖር ይዘገይ ነበር። ይቀር ነበር ግን አልልም፤ ድርሻውን ለጀርመን አይተውም። የሚቀረው ሌላ ጦርነት ነው፤ የፊንላንዱ። ኖቬምበር 30 የጀመረው ጦርነት ቢያንስ ወደ ሌላ ዓመት ይገፋል።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። የሶቭየቶች ቀይ ጦር ፊንላንድ ላይ ተዋረደ። ሂትለር አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ሊቀማ የቋመጠው ያኔ ነው። ግን ስታሊንም ደነገጠ፤ የመከላከያ ሹሙን ቮሮሺሎቭን አንስቶ ቲሞሼንኮን ሾመ፣ ሠራዊቱን ማደስ ጀመረ። ፊንላንድ ባትኖር ሂትለር ያን ያህል አይደፍር ይሆናል። ቀይ ጦርም ያን ያህል አይነቃም። በማንቹሪያ ድንበር ይማራል ልትለኝ ትችላለህ። ይማራል፣ ግን የሚማረው ታንክ የበላይ በሆነበት ገላጣ ሜዳ ነው፤ ከምዕራቡ ደንና ረግረግ ጋር አይገናኝም።

ጀርመንም አንድ ነገር ታጣለች። በ1940 እና በ1941 መጀመሪያ ጀርመን የእስያ ላስቲክና የማንቹሪያ አኩሪ አተር ያገኘችው በሳይቤሪያ ባቡር ነው። እንግሊዝ ባሕሩን ዘግታባታለች። ማንቹሪያ የጦር ሜዳ ከሆነች ያ በር ይዘጋል። የሂትለር ፋብሪካዎች ይህ እንዲሆን አይፈልጉም። ስለዚህ በርሊን በሁለቱ መሐል ገብታ ታስታርቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ። በእውነተኛውም ታሪክ ጀርመን በ1939 መኸር ሁለቱን ለማቀራረብ ፈልጋለች።

ይህ ጦርነት መቼ ያበቃል? በ1940 በጋ ነው የምለው። ጁን ላይ ፈረንሳይ ወደቀች። ያን ቀን የሁለቱም ሒሳብ ይለወጣል። ጃፓን የፈረንሳይ ኢንዶቻይናና የደች ዘይት ባለቤት አጥተው ታያለች፤ በረዶ ውስጥ ምን አስቀመጠኝ ትላለች። ስታሊን ጀርመን በአምስት ሳምንት ፓሪስ መድረሱን ያያል፤ ጦሬን ወደ ምዕራብ ይላል። ሳኻሊን ለጃፓን፣ ካልካ ለሞንጎልያ፣ ሌላው እንደነበረ ተብሎ ይፈራረማሉ። ሁለቱም ባንዲራቸውን ይዘው ይለያያሉ። ሁለቱም ቂማቸውን ይዘው ነው የሚለያዩት።

የሚያስፈራኝም ያ ቂም ነው። በእውነተኛው ታሪክ ካልኪን ጎል ትንሽ ሆኖ በመቅረቱ ለጃፓን ትምህርት ሆነ። ሽንፈቱ ግልጽ ነበር፣ ግን ክብሯን አልገፈፋትም፤ ደብቃ ማለፍ ቻለች። በአፕሪል 1941 ከሞስኮ ጋር የገለልተኝነት ውል ፈረመች። ጁን ላይ ሂትለር ሩሲያን ሲወር የጃፓን ጦር እንደገና ቋመጠ፤ ማንቹሪያ ላይ ጦሩን ወደ 700 ሺህ አሳደገ። ግን በኦገስት ዘንድሮ አይሆንም ብሎ ተወው። ሰሜን ላይ ሰባት መቶ ሺህ ሰው ቢኖርም ሩሲያ እንዴት እንደምትመታ ያየ መኮንን አለ፣ ነዳጁም ተቋርጧል። የሶቭየት ሰላይ የነበረው ሪቻርድ ሶርጌ ከቶኪዮ ይህን ለሞስኮ አስተላለፈ።

ከዚያ የሩቅ ምሥራቅ ክፍለ ጦሮች ወደ ሞስኮ ተንቀሳቀሱ። በ1938 ኻሳን ሐይቅ ላይ ከጃፓን ጋር የተዋጋው 32ኛ ክፍለ ጦር በኦክቶበር ቦሮዲኖ ሜዳ ላይ ጀርመኖችን ገታ። ከኻባሮቭስክ አካባቢ የመጣው 78ኛ ክፍለ ጦር የሞስኮን በር ዘጋ። ብዙ ሰው ሞስኮን ያዳኑት «ሳይቤሪያውያን» ብቻ እንደሆኑ ያወራል። ይህ ተጋንኗል። አብዛኛው ትኩስ ጦር ከኡራል፣ ከቮልጋና ከመካከለኛው እስያ የመጣ ነው። ስለዚህ ቂም ያረገዘ ሰላም ቢኖርና ስታሊን ምሥራቁን ማራቆት ቢፈራ፣ ሞስኮ ያለ እነዚህ ክፍለ ጦሮች ትጨነቅ ነበር፤ ትወድቅ ነበር ግን ለማለት አልደፍርም። የጀርመን ጦርም እኮ መኪናው ተሰብሮ፣ ነዳጁ አልቆ ነው እዚያ የደረሰው። እሱም ያው የባቡር ችግር ነበረበት።

አሁን ወደ ጠቆምኩህ ወደብ ደረስን፤ ቭላዲቮስቶክ። አሜሪካ ለሩሲያ የሰጠችው እርዳታ በየት እንደገባ ብዙ ሰው ሲጠየቅ ሙርማንስክ ይላል፣ በበረዶው ባሕር። ሌላው ኢራን ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። በክብደት ሲታይ ግን ግማሽ ያህሉ፣ ስምንት ሚሊዮን ቶን የሚሆነው፣ የገባው በሰላማዊ ውቅያኖስ ነው። የሶቭየት ባንዲራ ያደረጉ መርከቦች ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ተነስተው፣ በጃፓን አፍንጫ ሥር አልፈው፣ ቭላዲቮስቶክ ያራግፉ ነበር። ጃፓን ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ላይ ናት፤ መርከቦቹን ግን አብዛኛውን ጊዜ ታሳልፋቸዋለች። ያ የ1941 ውል ስላለ ነው። በዚህ መንገድ መሣሪያ አይጫንም፤ የሚጫነው ምግብ፣ ነዳጅ፣ የባቡር ሐዲድ ብረት፣ ሎኮሞቲቭ ነው። ወደ 1900 የሚጠጉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አሜሪካ ሰጥታለች፤ አብዛኞቹ የገቡት በዚህ በኩል ነው።

አሁን ያንን ሰፊ ጦርነት መልሰህ አስገባው። በ1940 ከከበባ የወጣች ቭላዲቮስቶክ ምን ትመስላለች? ክሬኖቿ ተሰባብረዋል፣ መጋዘኗ ተቃጥሏል። የኢማን ድልድይ ምናልባት ገና እየተጠገነ ነው። ሰሜን ሳኻሊን በጃፓን እጅ ስለሆነ በላይ በኩል ያለው የባሕር መተላለፊያም ተይዟል። ውሉ ቢፈረም እንኳ ጃፓን ትናንት ልጆቿን የገደለባትን ባንዲራ በየሳምንቱ ቆማ ታሳልፋለች? እኔ አላምንም።

ያ ከሆነ በ1943 ወደ ዩክሬን የሚገሰግሰው ቀይ ጦር ቆርቆሮ ሥጋው ይጎድላል። ጀርመኖች እያፈረሱ የሸሹትን ሐዲድ የሚሞላው ሎኮሞቲቭ ይጎድላል። ሙርማንስክ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ የሚያደባበት መንገድ ነው፣ የኢራኑ ባቡር አቅሙ ውስን ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ያንን ግማሽ አይሸከሙም። ሂትለር ሞስኮ አይገባም። ግን ሩሲያዎች በርሊን የሚደርሱበት ቀን ይርቃል፤ በእያንዳንዱ የዘገየ ወር የሚሞተው ሰው ደግሞ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል።

ዡኮቭስ ምን ይሆን ነበር የሚል ጥያቄም ከሥሩ ጨምረህ ነበር። በ1940 በጋ ወደ ኪየቭ ሳይዛወር ምሥራቅ ይቆያል። በ1941 ኤታማዦር ሹም መሆኑም ያጠራጥራል። ሞስኮ ላይ ሌላ ሰው ይቆም ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ታሪክን በአንድ ሰው ላይ መስቀል አልወድም፤ ያቺን ከቦርዚያ የምትነሳ መኪና አሁንም አስቀድሜ እቆጥራለሁ። ኡኤዳ እንዳያነሳቸው የተከለከላቸው አስከሬኖች መጨረሻቸውን ከፈለግህ፣ ተኩሱ ከቆመ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው የጃፓን ወታደሮች ያለ ጠመንጃ ሜዳው ላይ ገቡና ወገኖቻቸውን ለቅመው ወሰዱ።